የጭስ ቅናሽ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን 1998

ይህን ደብተር የጀመርኩት ያኛው እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ያኛው የጭሱ መዝገብ ነው። ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ጭሱ መቼ እንደወረደ፣ መሐረቡ ምን እንደመሰለ ብቻ ይጻፍበታል። የይግባኝ ጉባኤ ፊት የሚቀርብ ስለሆነ የባለቤቴን የእህተማርያምን ሳልና የእኔን ብስጭት እዚያ መቀላቀል አይገባም። ዕድሜውን ሁሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ሁለት ጉዳይ በአንድ ገጽ ላይ አይጽፍም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የምንኖርበት ሰፈር ኡፔፖ ይባላል፤ በስዋሂሊ ነፋስ ማለት ነው። ልጃችን ፀደንያ ቤቱን ስትገዛልን ከኢምባካሲ መጋዘኖች ጀርባ ያለ ጸጥተኛ ቦታ ነበር። ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ከሰፈሩ በስተምሥራቅ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ካባ ቆሻሻ መድፊያ አደረገው። ቆሻሻው ከውስጥ ለውስጥ ይነዳል፤ ጠፍቶ አያውቅም። ይኸው ማዘጋጃ ቤት ዘንድሮ ቤቶቻችንን እንደገና ገምቶ የቤት ግብራችንን ከፍ አደረገው። እኛም ይግባኝ ብለናል። ጭስ የሚተኛበት ቤት ጭስ ከማይደርስበት ቤት እኩል ሊገመት አይችልም። የሰፈሩ ሰው ጸሐፊ አድርጎ የመረጠው እኔን ነው።

እህተማርያም ዛሬም ከመንገዱ ጫፍ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ ክሊኒክ ሄዳ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ መጣች። ጭምብል ያደርጉላትና ነጭ እንፋሎት ትስባለች፤ ከዚያ ደረቷ ይከፈታል። «አንዱ ጭስ ያንቀኛል፣ ሌላው ጭስ ያድነኛል፤ እንደ ቋንጣ ጭስ ላይ ተሰቅዬ ቀረሁ» አለችኝ። ነርሷ ሲስተር አኪኒ ማሽኑ ከዚሁ ሰፈር በተሰበሰበ ግብር የተገዛ መሆኑን ነግራታለች። «የራስሽ ነው ማማ፣ ደፍረሽ ተቀመጪ» ትላታለች። ከጫኑብን ግብር ጋር ሲተያይ አንዲት ማሽን ምን አላት!

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ነጭ መሐረብ ጠዋት የልብስ ገመዱ ላይ እሰቅላለሁ፣ ሲመሽ አወርዳለሁ፣ ቀኑን ጽፌበት ካርቶን ላይ እለጥፋለሁ። ዘዴው የእኔ ነው። መሐረቦቹን የምታጥባቸውና የምትተኩሳቸው እህተማርያም ናት። አንዱ ከሌላው ንጣቱ ከተለያየ ማስረጃው ዋጋ የለውም ስላልኳት እንደ ቅዳሴ ልብስ ነው የምትይዛቸው።

አብዱልፈታ ዛሬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት አራት ኪራይ ቤቶች የእሱ ናቸው፤ የሐረር ልጅ ነው፣ ጎማና መለዋወጫ ይነግዳል።

«መምህር፣ ነጭ ሰቅለው እጅ ሰጡ እንዴ?»

«እጅ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ነው» አልኩት።

«እንሻላህ! ተከራዮቼ እኮ ‹ባለቤቱ ጭሱን ከኪራዩ ቀንስልን› እያሉኝ ነው። እኔ ከማን ልቀንስ?»

ሳቅን። እህተማርያም ከውስጥ ስትስል ሰማና ሳቁን አቆመ። እኔ ትንሽ ዘግይቼ አቆምኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 13

ፀደንያ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከኪሊማኒ መጣች። የምትሠራበት የእርዳታ ድርጅት ያከራየላት ቤት ሁለት መኝታ ክፍል አለው። ምሳ ሳይነሳ ጀመረች።

«አባዬ፣ እማዬን ዛሬ ይዣት ልሂድ። ክፍሉ ባዶ ነው። በረንዳው የሚያየው ዛፍ ነው።»

«ከጉባኤው በኋላ።»

«ጉባኤው እኮ ሳንባ የለውም አባዬ!»

በትዕግሥት አስረዳኋት። ይግባኝ ባይ ቤቱን ጥሎ ከወጣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች «ቤቱ ባዶ ነው፣ ማን ተጎዳ?» ይላሉ። በዚያ ላይ እናቷ ዋና ምስክራችን ናት። የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ፀደንያ ስልኳን አንስታ መልእክት ማየት ጀመረች፤ ስትናደድ እንዲህ ናት። እህተማርያም ነገሩን አበረደችው።

«ተይው ልጄ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ የሚነሳ ሰው አይደለም። እኔ ከሄድኩ ደግሞ መሐረቡን ማን ይተኩስለታል?»

ማታ ደግሜ አሰብኩበት። ሦስት ሳምንት ብዙ አይደለም። ያለችው ከስድስት ዓመት ጀምሮ እዚሁ ጭስ ውስጥ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 23

በችኮላ። ሲስተር አኪኒ የደረት ሕመምተኞችን ቁጥር በየወሩ ለይታ ሰጠችኝ። ጭሱ ከጀመረ በኋላ እጥፍ ሆኗል። ስሟ እንዳይነሳ ለመነችኝ፤ ቃል ገባሁ። ሠንጠረዡ ያምራል። የቤቶች ዋጋ ሲወርድና የበሽተኛ ቁጥር ሲወጣ በአንድ ወረቀት ላይ ይታያል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

ብርዱ ገብቷል። ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ጭሱ መውጫ ስለሚያጣ ጣሪያ ላይ ይተኛል። ለመዝገቡ ጥሩ ሳምንት ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኩት። መሰረዝ ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 6

ጉባኤው ዛሬ ዋለ። ሁሉንም ልጻፈው።

በአብዱልፈታ ፒክ አፕ ሄድን። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ እህተማርያም እህል አልቀመሰችም። ግማሽ መንገድ ላይ ቦርሳዋን ከፍታ ስትፈልግ አየኋት፤ ሰማያዊውን የትንፋሽ መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች። ሳንወጣ ጠረጴዛው ላይ አይቼዋለሁ። ካርቶኖቹን በሁለት እጄ ይዤ ስለነበር አላነሳሁትም። እንመለስ ብንል ደግሞ በዚያ መንገድ መጨናነቅ ሰዓቱ ያልፍብን ነበር።

ሰብሳቢዋ አንዲት ሸምገል ያሉ ጠበቃ ናቸው። መሐረቦቹን በየቀናቸው ተራ አንድ በአንድ አገላበጡ። «ይህን ያስተማረዎት ማነው?» አሉኝ። «አስተማሪ ነኝ» አልኩ። ፈገግ አሉ።

ቀጥሎ እህተማርያም ተጠራች። አብዱልፈታ አስተረጎመላት። ደረቷን የሚያማት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተጠየቀች። «ቤቱ ስንገባ ደህና ነበርኩ…» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ሳሉ ያዛት። ብዙ ሳል ሰምቻለሁ፣ ይህ ግን ሌላ ነበር። ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ። የጉባኤው ጸሐፊ መጻፉን አቆመ። አንድ ሰው መስኮት ከፈተ፣ ሌላው ዘጋው። ሰብሳቢዋ «ይበቃል እማማ፣ ይበቃል፣ ሰምተናል» አሉ።

እኔ ተነስቼ ጀርባዋን መደገፍ ነበረብኝ። የሚቀጥለውን ወረቀት እያዘጋጀሁ ነበር።

በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ገማች ተራ ደረሰ። ሙቱኩ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። አልተከራከረም። «መምህር፣ ስሌትዎ ልክ ነው» አለ። «ቤቶቹ ዋጋቸው ወርዷል። አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ ሰፈር የሚጎድለውን ገቢ ከየት እንደምንሞላው አልጻፉም።»

«ያ የእኛ ጥያቄ አይደለም» አልኩት።

«ልክ ነዎት» ብሎ ተቀመጠ።

ተማሪዎቼን የመጨረሻውን መልስ ወደ ጥያቄው መልሳችሁ አረጋግጡ እላቸው ነበር። ማረጋገጫ ላልሠራ ልጅ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ዛሬ ለምን ይህ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ሰውዬው የተማሪ ፊት ስለነበረው ይሆናል።

ስንመለስ እህተማርያም መኪናው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። በቀጥታ ክሊኒክ ወስደን ማሽኑ ላይ አስቀመጥናት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 15

አሸነፍን። ግብሩ በሲሶ ተቀነሰ፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ሰፍሯል፦ «በአካባቢው አየር መበከል።»

አብዱልፈታ ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ገባ። «መምህር! በመሐረብ ማዘጋጃ ቤት የጣለ ሰው ከእርስዎ በፊት ማን አለ?» ፍየል አረደ። እኛ ጾም ላይ ነን፤ ጾም ባይሆንም ሥጋችን ይለያያል። ያንን ስለሚያውቅ ከሞምባሳ የመጣ ማንጎ በካርቶን ላከልን። ተከራዮቹ የእግር ኳሱን የዓለም ዋንጫ ትተው መንገድ ላይ ጨፈሩ። እህተማርያም መስኮት ላይ ሆና አጨበጨበችልኝ። ለእኔ ስታጨበጭብ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

ፀደንያ ደወለች። «እንኳን ደስ ያለህ አባዬ። አሁንስ እማዬን ልውሰድ?»

ውሳኔው ማኅተም ተደርጎበት እስኪደርሰን ድረስ አልኳት። «እሺ» አለች። የእሷ «እሺ» ከእምቢታ ይከብዳል።

እሑድ፣ ሰኔ 18

ከሦስት ጎረቤት ሰፈር ሰዎች መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። የእኛን ይግባኝ በማባዣ አባዝተው ሊገለብጡት ፈለጉ። ማንንም ሥራ አስገልብጬ አላውቅም። «ትማሩታላችሁ» አልኳቸው።

የወጣቶች አዳራሹ ጥቁር ሰሌዳ አለው። መሐረብ እንዴት እንደሚሰቀል፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የቤት ዋጋ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ከምሳ በኋላ ጀምሬ እስኪመሽ አስተማርኩ። የሠሩትን በቀይ እስክሪብቶ አረምኩላቸው። አንድ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲ፣ ሾፌር ከሁሉም የተሻለ ሠንጠረዥ ሠራ። «ምዋሊሙ» ይሉኛል፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እህተማርያም ውሃ ይዛልኝ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስትስል ከኋላ ያሉት አይሰሙኝም። «እህቴ፣ ቤት ብትሆኚ አይሻልም?» አልኳት፣ በሰው ፊት። ቀስ ብላ ተነሳች። ውሃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ማታ ይቅርታ ልጠይቃት ስገባ መሐረብ እየተኮሰች ነበር። «ጉዳዩ አለቀ እኮ፣ መሐረቡን ተይው» አልኳት። «ለተማሪዎችህ ይሆናል» አለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 26

የማዘጋጃ ቤቱ አዲስ በጀት ዓመት ገብቷል። ጋዜጣው ላይ ትንሽ ዜና አነበብኩ። የምሥራቁ ሰፈሮች ገቢ በመቀነሱና ተጨማሪ ይግባኞች በመቅረባቸው አገልግሎቶች «ከገቢው ጋር ይመጣጠናሉ» ይላል።

የቆሻሻ መኪናው ሳምንቱን ሙሉ አልመጣም።

ቂም ነው። ስለረታናቸው ነው። ያልፍላቸዋል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

ክሊኒኩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከዚህ በኋላ እስከ ቀትር ብቻ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ማሽኑ ወደ ሌላ ሰፈር ክሊኒክ ይዛወራል።

ሲስተር አኪኒን ቢሮዋ ገብቼ አነጋገርኳት። ካርቶን እያሰረች ነበር።

«ለምን የእኛ?»

«ለየሰፈሩ የሚመደበው ሰፈሩ በሚያስገባው ልክ ነው ተባልን። ከዚህ ደግሞ አራት ሰፈር ይግባኝ ብሏል፣ ምዜ።» ለሽማግሌ የሚሉት ነው፣ ምዜ። በአክብሮት ነው ያለችው።

«እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ። ቁጥሩን የሰጠሁዎት እኔው አይደለሁ?»

ስሟን የትም እንዳልጠቀስኩ ነገርኳት። «ቃልዎን ጠብቀዋል» አለች። ካርቶኑን የምታስርበት ገመድ አጥሮባት ነበር፤ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት።

እቤት ስደርስ እህተማርያም «ዛሬ ወረፋ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነጠላዋን ለብሳ፣ ልትሄድ። ነገርኳት። ነጠላዋን አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12

ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በሩ ላይ ማቃጠል ጀመረ። የካባው ጭስ ከምሥራቅ፣ የጎረቤቱ ከአራቱም ማዕዘን። አብዱልፈታን በር ላይ አገኘሁት፤ ፕላስቲክ እየነደደ ነበር።

«አብዱ፣ እባክህ። ሴትዮዋ።»

«መምህር፣ መኪናው ቀረ። ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልብላው?» አለና ወዲያው አፈረ። እሳቱን በጫማው ረገጠው። «እትዬ እህተማርያም ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ገባ። ጠዋት ስነሳ ከሦስተኛው ቤት በር ላይ ሌላ ይጨስ ነበር።

ሁሉንም በር አንኳኩቼ ለመንኩ። አክብረው ሰሙኝ። ሁሉም ግብር ስላስቀነስኩላቸው አመሰገኑኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻለችም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። ትራሶቹን ደራርቤላት ተቀምጣ ነው የምታድረው። ፊቷ እንደ ጥንቱ ነው፤ ከንፈሯ ዳር ላይ ብቻ ትንሽ ሰማያዊ አለ።

መስኮቶቹን በእርጥብ አንሶላ ሸፈንኳቸው። አንሶላው አመድ ይይዛል። ጠዋት ሳወርደው ቀኑን ልጽፍበት እስክሪብቶ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ሻል ሲላት ስለ ጉባኤው አወራን። «እንዴት ያለ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ቀን ነበር» አልኳት። ፈገግ አለች።

«ያን ቀን ኢንሄለሩን ረስቼው መሰለህ?»

«ታዲያ?»

«ተው። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሾርባው በእርግጥም እየቀዘቀዘ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 26

ፀደንያ መጣች። ዛሬ አልጮኸችም። እናቷን ለረጅም ጊዜ አይታ ወደ እኔ ዞረች። «ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ። እለምንሃለሁ አባዬ። ኦክስጅን የሚያመጣልን ሰውም አግኝቻለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው የተስማማሁት። ካርቶኖቹን እንኳ አልጋ ሥር አስገባኋቸው። ዛሬውኑ ይሂዱ ለማለትም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ዓርብ የሦስቱ ሰፈሮች ጉባኤ አለ። እኔ ካልቆምኩላቸው ሠንጠረዡን የሚያብራራላቸው ሰው የለም። ለእህተማርያም ደግሞ ሻንጣዋን የማዘጋጅላት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የቱ የት እንዳለ አያውቅም።

«ሁለት ቀን ነው» አልኳት።

«ሁለት ቀን ምን አላት» አለች እህተማርያም። ኪሊማኒ ስትገባ በመጀመሪያ ምን እንደምታደርግ ፀደንያ ጠየቀቻት። «መስኮት እከፍታለሁ» አለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 28

አብዱልፈታ ደወለ። ከጉባኤው መሀል ወጣሁ። መንገዱ ዝግ ነው። አልደረስኩም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 6

እዚሁ ቀበርናት። ዝናብ የሚመስል ቀን ነበር፤ ሳይዘንብ ቀረ። የእድራችን ሰዎች ድንኳን ተክለው ሰልስቱን አብረውን ዋሉ። ሲስተር አኪኒም መጥታ በር ላይ ተቀምጣ ሄደች።

በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ጠዋት ደህና ነኝ አለችኝ፤ ወጣሁ። አራተኛው ቤት በር ላይ ቆሻሻ ይነድ ነበር፤ ማለፊያዬ ላይ አየሁት፤ ለማጥፋት ብቆም ማታቱው ያመልጠኝ ነበር። ከቀትር በኋላ የአብዱልፈታ ሚስት ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ነጠላዋን ለብሳ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ዝግ መሆኑን ታውቃለች፤ የነገርኳት እኔ ነኝ። ማሽኑም እንደሌለ ታውቃለች። ግን እግሯ ለምዶት ይሆናል ወደዚያ የሄደችው። አብዱልፈታ መኪናው ላይ አሳፍሯት ወደ ሆስፒታል ነዳ። መጨናነቅ ነበር። ጥሩምባውን እየነፋ በእግረኛ መንገድ ሁሉ ነዳ፣ ሁለት ጊዜ ትራፊክ አስቆመው። ከመድረሳቸው በፊት ነው።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅኩት። አብዱልፈታ ትልቅ ሰው ነው፣ ወንበር የሚሞላ። እንደ ልጅ አለቀሰ።

«‹መምህር ዛሬ እያስተማረ ነው፣ አትጥሩት› አሉኝ። እኔ ግን ደወልኩልዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

የዚያን ዓርብ ጉባኤ ሦስቱም ሰፈሮች ረቱ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 12

ፍልሰታ ነው። ጾሙን ያለ እሷ ይዤዋለሁ። ለአንድ ሰው ምን ያህል ምስር እንደሚበቃ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል።

ሰው አሁንም ይመጣል። ትናንት ሁለት ሴቶች ጓዳ ዕቃ ሲያጥቡ ከበሩ ወዲህ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ግብሩን ያስቀነሱልን እሳቸው ናቸው አሉ።»

«አዎ። ምስኪን። ክሊኒኩ ባይዘጋ…»

«ዝም በይ፣ ይሰማሉ።»

ከመተላለፊያው ተመልሼ ሄድኩ። ጫማዬ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቄ ነው የሄድኩት፤ እነሱ እንዳያፍሩ።

ፀደንያ ታገለግለኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ አታናግረኝም። ዛሬ ሻንጣውን ከፈተችው። ሐሙስ ማታ ለቅዳሜ ያሰናዳሁት ነው፤ ሁሉም በየቦታው፣ መድኃኒቱ በአንድ ከረጢት፣ ነጠላዎቹ ለብቻ። ከሥሩ እኔ ያላስገባሁት የታጠፈ ነገር አገኘች። የተተኮሱ ነጫጭ መሐረቦች ናቸው፤ እንደ ቅዳሴ ልብስ በወረቀት የተጠቀለሉ። ወደ ኪሊማኒ ልትወስዳቸው ነበር።

«ለምን?» አለችኝ ፀደንያ። ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 20

የአዲሱ ግብር ወረቀት መጣ። ከታች በኩል የቅናሹ ምክንያት ተጽፏል፣ ከይግባኛችን ላይ ቃል በቃል የተወሰደ። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድም ትርፍ ቃል የለውም።

አብዱልፈታ የእሱን አሳየኝ፤ ደስ አላለውም። ሁለት ተከራይ ለቆበታል። «መምህር፣ ቅናሹን ይዤ ምን ላድርግ? በጭስ ውስጥ ማን ይከራያል?» አለ። «እንደገና ይግባኝ እንበል እንዴ?»

አየኝና ጥያቄውን ተወው።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 2

ዛሬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ግብሬን ልከፍል፤ የድሮውን ያህል። አዲሱ ተመን አይመቸኝም፤ የሰፈሩ መዝገብ ከዓመት ዓመት እንዲነጻጸር አንድ ዓይነት ቁጥር ይሻላል ብዬ ነው።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ወረቀቴን ከገንዘቡ ጋር አስተያየችው።

«ምዜ፣ ትርፍ ነው የሰጡኝ። የእርስዎ ዝቅ ብሎልዎታል።»

«አውቃለሁ። ይሁን።»

«ኮምፒውተሩ ከተጻፈው በላይ አይቀበልም።»

«ለክሊኒኩ ተብሎ የሚከፈልበት መስኮት አለ?»

ወደ ጓደኛዋ ዞራ በስዋሂሊ ጠየቀች። ጓደኛዋ ሳቀች፣ በክፋት አይደለም። «እንዲህ ያለ መስኮት የለንም ባባ። ሰው የሚመጣው ሊያስቀንስ ነው።» ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ «ሽማግሌው ገንዘብ ጠላ እንዴ? ለእኔ ይስጠኝ!» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ትርፉን በመስኮቱ ሥር መለሰችልኝ። ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ ከሰልፉ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ገማቹን ሙቱኩን አገኘሁት። ፋይል ታቅፎ ይወጣል፤ ከእኛ ወገን የመጡ አዲስ ይግባኞች መሆናቸው ከርቀት ይታወቃል፣ ሠንጠረዡን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አወቀኝና ቆመ። እጁን ዘረጋልኝ። ከሰው ሁሉ በላይ ጨዋ ነው።

«መምህር! እማማስ? ያ ሳል ተሻላቸው?»

ፋይሎቹ ሊወድቁበት ነበር፤ ደገፍኩለት።

«ተሻላት» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ከልቡ ነበር። ወደ ላይ ወጣ።

ከማታቱ ወርጄ ስገባ መሽቶ ነበር። ፀደንያ ነገ ወደ ኪሊማኒ ልትወስደኝ ትመጣለች። ያኛውን የጭስ መዝገብ ማሸጊያው ውስጥ ስለከተትኩት እዚሁ እጽፋለሁ።

ነፋስ ከምሥራቅ። ጭሱ ጣሪያ ላይ። መሐረብ አልተሰቀለም።